ኮድ 417

«ሌባ!» ብሎ ኢንጂነሩ ሲጮኽ፣ ከሱቁ ሰባት በር ርቆ ዳቦ ቤት የተሰለፈው ሰው ሁሉ ኪሱን ዳበሰ። ሰፈሩ «ሬዲዮ» የሚለው ፀጉር አስተካካይ የደንበኛውን ግማሽ ጢም ላጭቶ ግማሹን እንደተወ፣ ምላጩን ይዞ እየሮጠ ደረሰ።

«የታለ? በየት በኩል ወጣ?»

«የትም አልወጣ። እዚህ ውስጥ ነው» አለ ኢንጂነሩ፤ የስልኩን መስታወት በጣቱ እየደበደበ።

ኢንጂነሩ የፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጠጋኝ ነው። በሙያው ከእሱ የሚበልጥ ሰው ገና አልተወለደም፤ ከተወለደም እዚህ ሰፈር አይደለም። ይህን መጀመሪያ የተናገረው ራሱ ቢሆንም፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳያቋርጥ ስለተናገረው ሰፈሩ አምኖ ተቀብሎታል። የባንክ ነገር ሲሆን ግን ኢንጂነሩ ልጅ ነው። ስለዚህ ካርዱ በእሱ ስም ይሁን እንጂ ሒሳቡን የምትከታተለው ባለቤቱ ናት።

ያን ቀን ማክሰኞ ነበር። ባለቤቱ ከሦስት ወር ወዲህ ማክሰኞና ቅዳሜ እህቷ ዘንድ ትውላለች። ጠዋት የመለዋወጫ ነጋዴው ደውሎ «የኮምፕሬሰሩ ሒሳብ አልደረሰኝም» ስላለ፣ ኢንጂነሩ የካርዱን መግለጫ ራሱ ሊያይ ቆርጦ ተነሣ። መነጽሩን ለማግኘት ሩብ ሰዓት፣ የይለፍ ቃሉን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። የኮምፕሬሰሩ ሒሳብ ተከፍሏል። ከሥሩ ግን ይህ መስመር ቁጭ ብሏል፦

የመንግ. አገ. ማዕከላዊ ክፍያ፣ ኮድ 417፣ 850.00

«መንግሥት ከእኔ ምን ቀረው?» አለ ኢንጂነሩ። «ግብሬን ከፍያለሁ። የሱቁን ፈቃድ ቀኑ ሳይደርስ አድሻለሁ። መኪና የለኝ ልቀጣ! ውሻ የለኝ ላስከትብ!»

ሬዲዮ ስልኩን ተቀብሎ፣ ሐኪም ራጅ እንደሚያይ ወደ ብርሃን አዞረና አየው።

«ይሄ ሌባ አይደለም። ትክክለኛ ቢሮ ነው። ለአርባ መሥሪያ ቤት የሚሰበስብ አንድ ቢሮ ነው። የትራፊክ ቅጣት፣ የልደት ወረቀት፣ የቤት ካርታ፣ የአደን ፈቃድ...» እዚህ ላይ ዝም አለ። ሬዲዮ ዝም ሲል ነገር አለ ማለት ነው።

«ምን? ጨርሰው እንጂ!»

«ተወው ባክህ።»

«ሬዲዮ!»

«ፍቺም እዚያው ነው የሚከፈለው» አለ ሬዲዮ በቀስታ። «የሚስቴ ወንድም ማመልከቻውን ሲያስገባ እዚያ ነው የከፈለው። እኔ ምንም አላልኩም። እንዲያው... ማክሰኞና ቅዳሜ የምትሄደው በርግጥ እህቷ ቤት ነው?»

«ሬዲዮ! ግማሽ ፊቴ ደርቋል እኮ!» ብሎ ደንበኛው ከሩቅ ጮኸ።

ኢንጂነሩ የሰማውን እንዳልሰማ ሆኖ ባንኩ ጋ ደወለ። የስልኩ ጆሮ ማዳመጫ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል። የሰው ዕቃ ሲጠግን የራሱን የሚጠግንበት ጊዜ ስላጣ በድምፅ ማጉያው ብቻ ነው የሚያወራው፤ ስለዚህ የባንኳን ሴት ድምፅ ሬዲዮም፣ ግማሽ ጢሙም፣ ሰፈሩም እኩል ሰማ።

«ክፍያውን አላውቀውም ነው የሚሉት?»

«በጭራሽ!»

«ካርዱን ከእርስዎ ሌላ የሚጠቀምበት ሰው አለ?»

«ባለቤቴ ብቻ።»

«እሳቸው ያውቁት ይሆናል። ጠይቀው መልሰው ቢደውሉልኝስ?»

ጥሩ ምክር ነበር። በምድር ላይ ከዚያ የተሻለ ምክር አልተሰጠም። ነገር ግን ሬዲዮ ምላጩን ይዞ፣ ቅንድቡን ሰቅሎ ፊቱ ቆሟል። ኢንጂነሩ በሬዲዮ ፊት «ሚስቴ የምታደርገውን አላውቅም» ከሚል አንድ ፍሪጅ በጥርሱ አንጠልጥሎ አምስተኛ ፎቅ ቢወጣ ይቀለዋል።

«እመቤቴ፣ በእኔ ቤት እኔ የማላውቀው ነገር አይደረግም» አለ። «ሌባ ነው። ይመዝገብልኝ።»

«እሺ። ቅሬታዎ ተመዝግቧል፤ ካርዱም ታግዷል። እስከ ዛሬ አሥር ሰዓት ድረስ ሐሳብዎን ካልቀየሩ ገንዘቡ ይመለስልዎታል። የተከፈለበት አገልግሎት ግን ይሰረዛል።»

«ይሰረዝ!»

ሬዲዮ ወደ ግማሽ ጢሙ ተመለሰ። ኢንጂነሩ ብቻውን ሲቀር ወንበር ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። ባለቤቱ ጋ ደወለ። ዝግ ነው። ደግሞ ደወለ። እህቷ ጋ ደወለ።

«ዛሬ አልመጣችም እኮ» አለች እህትየው። ቀጥላም «ማለቴ... መጥታ ሄደች። አሁን፣ አሁን ወጣች» አለች። በዓለም ላይ እንደዚህች ሴት ውሸት የማይሆንላት ሰው አልተፈጠረም።

ከዚያ በኋላ ኢንጂነሩ ሱቅ ውስጥ መቀመጥ አልቻለም። በካርቶን ላይ «መጣሁ» ብሎ ጻፈና በሩ ላይ አንጠልጥሎ፣ በሁለት አውቶቡስ ወደ ማዕከላዊ ክፍያ ቢሮ ሄደ።

አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ እንዳይሰረቁ ይመስል አራት አራት ሆነው በብረት ተያይዘዋል። ኢንጂነሩ ቁጥር ወሰደ፤ ዘጠና ስድስት። ሰሌዳው ላይ የበራው አርባ አንድ ነው። ከጎኑ ሕፃን የታቀፈች ሴት የልደት ወረቀት ልትከፍል ተቀምጣለች፤ ከፊቱ አንድ ሽማግሌ የጉድጓድ ውኃ ፈቃድ ይጠብቃሉ። ኢንጂነሩ አዳራሹን እያማተረ ከተቀመጡት ውስጥ ለፍቺ የመጣው የትኛው እንደሆነ ሊለይ ሞከረ። ሁሉም ለፍቺ የመጡ መሰሉት። የሱቁን ቴስተር ለማን እንደሚያካፍሉት አሰበ። ካቻቢቴዎቹን እሱ ቢወስድ፣ ማጉያ መነጽሩንና መበየጃውን እሷ ትወስዳለች። እነሱ ከሄዱ ደግሞ... እዚያ ላይ ሐሳቡን አቆመው።

ዘጠና ስድስት ሲበራ ሰዓቱ ስምንት ከሩብ ሆኖ ነበር። መስኮቱ ላይ ሹራብ የለበሱ፣ ጡረታ የቀረባቸው ሰውዬ ተቀምጠዋል። ኢንጂነሩ ስልኩን በመስኮቱ ቀዳዳ አሾልኮ መስመሩን አሳያቸው።

«ይህን ማን እንደከፈለው ለማወቅ ነበር።»

«በማን ስም እንደሆነ ልነግርዎ አልችልም። ሕጉ አይፈቅድም።»

«ካርዱ እኮ የእኔ ነው!»

«ካርዱ የእርስዎ ነው፤ ማመልከቻው ግን የአመልካቹ ነው» አሉ ሰውዬው ረጋ ብለው።

ኢንጂነሩ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። «ጌታዬ፣ ስሙን ይተዉት። ኮዱን ብቻ... ፍቺ ነው?»

«ምን አሉኝ?»

«ፍቺ ነው ወይ?»

ከኋላው ወንበር ላይ የተቀመጡት ሁሉ አንገታቸውን አሰገጉ። የጉድጓድ ውኃው ሽማግሌ ሳይቀሩ ጆሯቸውን አቀኑ።

«ፍቺ 302 ነው» አሉ ሰውዬው። «ይሄ 417 ነው።»

ኢንጂነሩ ትንፋሹን ሲለቀው መስኮቱ ላይ የተለጠፉት ማስታወቂያዎች ሁሉ ተርገበገቡ። «እግዜር ይስጥልኝ! ይቅርታ፣ 417 ታዲያ ምንድን ነው?»

ሰውዬው ሽፋኑ የተላጠ መዝገብ ገለጡ። «የሙያ ብቃት ፈተና ምዝገባ። የኤሌክትሪክ የቤት ዕቃዎች ጥገና፣ ደረጃ ሦስት።»

«ይሄ ስሕተት ነው። እኔ ደረጃ ሁለት ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።»

«ደረጃ ሦስት የተመዘገቡት እርስዎ ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ነው» አሉ ሰውዬው፤ ምንም ክፋት ሳያስቡ።

«ፈተናው መቼ ነው?»

«ከነገ ወዲያ፣ ሐሙስ። የጽሑፉ ጠዋት፣ የተግባሩ ከሰዓት በኋላ።»

«ክፍያው ቢመለስስ?»

«ወንበሩ ይሰረዛል። የሚቀጥለው ዙር ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ዘጠና ሰባት!»

ኢንጂነሩ በመልስ ጉዞው አውቶቡስ ላይ ቆሞ ሄደ፤ ወንበር ነበር፣ አላየውም። በመጀመሪያ ያሰበው የሚስጥር ቁጥሩን ነው። ባንኩ በካርዱ አንድ ነገር ሲከፈል ስድስት አኃዝ ወደ ኢንጂነሩ ስልክ ይልካል። እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ከማሽን ሥር ተጋድሞ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ባለቤቱ ኮምፒዩተሩ ላይ ሆና መለዋወጫ ስታዝ «ቁጥሯን!» ትለዋለች፤ እሱ ስልኩን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ስድስቱን አኃዝ መንገድ ተሻግሮ እስኪሰማ ይጮኻል። ሚስጥር ቁጥር የሚባለው ባንኩ ጋ ብቻ ነው፤ እነሱ ሱቅ ውስጥ አዋጅ ነው። እነሆ ከሦስት ሳምንት በፊት እሱ ከአንድ ማጠቢያ ማሽን ጀርባ ተኝቶ፣ ለእሷ ደረጃ ሦስት የራሱን በረከት በራሱ አፍ ጮኾላታል። የምን መለዋወጫ እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም።

ሁለተኛ ያሰበው ቦርዶቹን ነው። ድሮ ማሽን ማለት ሞተር፣ ቀበቶና ውኃ ነበር፤ ያ ዘመን የኢንጂነሩ ዘመን ነው። ከአሥር ዓመት ወዲህ ግን ማሽኑ ሁሉ ሆዱ ውስጥ ቦርድ የሚሉትን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ እየያዘ መጣ። ቦርድ ሲመጣ ኢንጂነሩ ለደንበኛው «ይሄ ሱቅ ወስጄ በጥንቃቄ ልፈትሸው የሚገባ ነው» ይላል። ሱቅ ሲደርስ ባለቤቱ ማጉያ መነጽሯን ታደርጋለች፤ እሱ ሻይ ያፈላል። በማግስቱ ቦርዱን ይዞ ሄዶ «ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር» እያለ ይገጥመዋል።

ከሁለት ዓመት በፊት «እኔም ልፈተን መሰለኝ» ብላው ነበር። እሱ ምን አለ? «አንቺ ደረጃ ከያዝሽ እኔ ልብስ ላጥብ ነዋ፤ ማሽኑ አለ!» አለ። ይህንኑ ሬዲዮ ቤት ሄዶ ደገመው። ጸጉር ቤቱ ሳምንት ሙሉ ሳቀ፤ በሣቅ ምክንያት የተቆረጠ ጆሮ ሁሉ አለ ይባላል። ከዚያ ወዲህ እሷ ስለ ፈተና ያነሣችው አንድ ቃል አልነበረም።

ሱቁ ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። «መጣሁ» የሚለው ካርቶን ከበሩ ወርዷል። ባለቤቱ መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ የአንድ ፍሪጅ ቦርድ ትበይዳለች።

«አንተ ሰውዬ፣ የት ገብተህ ነው? ሰው ፍሪጁን ሊወስድ መጥቶ ዝግ ነው ብሎ ተመለሰ።»

«ካርዱ ታግዷል።»

«አይቻለሁ። ወረቀት ላባዛ ስል እምቢ አለኝ።»

«የምን ወረቀት?»

መበየዷን ቀጠለች። እሱ ኮቱን አውልቆ ምስማሩ ላይ ሰቀለ። ሁለት ጊዜ ወደቀበት።

«እህትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«እሷም ደረጃ ሦስት ትፈተናለች?»

ባለቤቱ መበየጃውን ማስቀመጫው ላይ አኖረችና መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋች። «ማነው የነገረህ?»

«መንግሥት» አለ ኢንጂነሩ።

ሳቋ ሊመጣ ብሎ ተመለሰ። «ማሠልጠኛው ማክሰኞና ቅዳሜ የተግባር ክፍሉን ያስጠቅመናል። እዚያ ነው የምውለው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር። ሬዲዮ ቤት ወስደህ አሳቅህብኝ።»

«ቀልድ ነበር እኮ።»

«ቀልዱማ ጥሩ ነበር። በእኔ ባይሆን እኔም እስቅ ነበር» አለች። ቀጥላ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። «ሰው ምን ትሠሪያለሽ ሲለኝ ‹ባሌን አግዛለሁ› ማለት ሰለቸኝ። ሌላ ምንም የለም። ጥዬህ አልሄድ፣ ሌላ ሱቅ አልከፍት። ሰለቸኝ ብቻ።»

ኢንጂነሩ የተዘጋጀበት ንግግር ነበረው። አውቶቡስ ላይ ሆኖ ያሰናዳው፣ ሦስት ክፍል ያለው፣ ድንጋይ የሚያስለቅስ ንግግር ነበር። አፉን ሲከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ከስሼሻለሁ።»

«ምን?»

«ለባንኩ። ሌባ ነው ብዬ። አሥር ሰዓት ድረስ ካልሻርኩት ክፍያውም ይመለሳል፣ ወንበርሽም ይሰረዛል።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ዘጠኝ ከአርባ። «ስልኩ ያለው አንተ ጋ ነው» አለችና መነጽሯን መልሳ ወደ ቦርዷ ተመለሰች። መበየጃው ነጥቡን ሳተ። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም ሳተ። ኢንጂነሩ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የአብሮነት ሥራ እጇ ሲስት አይቶ አያውቅም።

ስልኩን ገና እንዳወጣ በሩ በሰው ተሞላ። ሬዲዮ ነው፤ ሥራውን ዘግቶ ወሬ ሊሰማ የመጣው። ከኋላው ደግሞ መንገድ ማዶ የላውንድሪ ቤት ያላቸው እትዬ ገቡ። ስድስት ትልልቅ ማሽኖች አሏቸው፤ የኢንጂነሩ ሱቅ ኪራይ ግማሹ የሚወጣው ከእነዚያ ማሽኖች ሆድ ነው።

«እህሳ፣ ሌባው ተያዘ?» አለ ሬዲዮ።

«ኢንጂነር፣ ጉድ ሆኛለሁ!» አሉ እትዬ በተመሳሳይ ጊዜ። «ሁለቱ ማሽን ቆሞብኛል፤ ኧረ ያቺ ቀይ መብራት...»

«አንድ ጊዜ ይቅርታ» አለ ኢንጂነሩ። ደወለ። ድምፅ ማጉያው ሱቁን ሞላው።

«ጠዋት ክፍያውን አላውቀውም ብለው ነበር» አለች የባንኳ ሴት። «አሁን ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ።»

«ቅሬታውን ለመሻር የማን ክፍያ እንደሆነና ለምን እንደተከፈለ መግለጽ አለብዎት። ንግግሩ ይቀረጻል።»

መውጫ መንገድ ነበረው፤ ሰፊና የተጠረገ። «የእኔ ነው፤ ደረጃ ሦስት ልፈተን ነው፤ ረስቼው ነው» ማለት ብቻ ነው። ባንኩ ግድ የለውም። ሬዲዮ ከመምሸቱ በፊት ዜናውን አምስት ሰፈር ያደርስለታል። ኢንጂነሩ ይህን እያሰበ ለሁለት ሰከንድ ያህል ደረጃ ሦስት ሆኖ ቆመ፤ ደስ ይል ነበር። ባለቤቱ ጀርባዋን ሰጥታዋለች። መበየጃው አየር ላይ ቀርቷል፤ ከጫፉ ቀጭን ጭስ ይወጣል።

«ጌታዬ፣ አሉ?»

«አለሁ። የባለቤቴ ነው» አለ። «ለሙያ ፈተና የከፈለችው ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ጥገና፣ ደረጃ ሦስት።»

«እርስዎ ፈቅደው ነው የተከፈለው?»

«ቁጥሩን ራሴ ነኝ ጮኼ የነገርኳት።»

«ቅሬታዎ ተሽሯል። ክፍያው ይጸናል። ለባለቤትዎ መልካም ዕድል ይበሉልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሬዲዮ አፉን ከፍቶ ቆመ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ይህ በሰፈሩ ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ነው።

እትዬ ግን የቸኮሉ ሰው ናቸው። «ደግ፣ ደግ። እኔ ሐሙስ ጠዋት ትመጣልኛለህ ወይ ነው የምለው? ዓርብ የሆቴሉን አንሶላ አስረክባለሁ።»

«ሐሙስ አይሆንም እትዬ።»

«ለምን? አንተ እኮ ቦርዱን ባንድ ሌሊት ነው የምታነሣው!»

«እኔ ማሽኑን ከግድግዳ እስበዋለሁ፣ ቦርዱን እፈታለሁ፣ መልሼ እገጥማለሁ» አለ ኢንጂነሩ። «ቦርዱን የምትሠራው እሷ ናት። ሐሙስ ፈተና አለባት። ዛሬ አውጥቼ ላምጣውና ነገ ታየዋለች፤ ካልደረሰ ዓርብ።»

እትዬ እሱን አዩ፣ እሷን አዩ፣ መልሰው እሱን አዩ። «ቆይ፣ ቆይ። ታዲያ እስከ ዛሬ ጉርሻዬን ለማን ነው ስሰጥ የኖርኩት?»

«ለተሸካሚው» አለ ኢንጂነሩ።

የመቀበያ ደረሰኙን ጥራዝ ከመሳቢያ አወጣ። የእትዬን ላውንድሪ፣ የማሽኑን ዓይነት፣ ቀይ መብራቱን፣ ሁሉን በትልልቅ ፊደል ጻፈ። «የባለሙያው ስምና ፊርማ» የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሦስት ቀለበትና አንድ ጅራት ያለውን ፊርማውን ሲያኖርበት የኖረው ቦታ ላይ፣ እስክሪብቶው ቆመ። ጥራዙን በጠረጴዛው ላይ አዞረና ወደ ባለቤቱ ገፋው።